አርባ ነጭ ጣሳዎች

መርዶ በስልክ አይነገርም። የወንድሜ ልጅ ሙሉም ይህን ታውቃለች፤ መርዶ እየነገረችኝ መሆኑን ግን አላወቀችም። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን አጥፌ ሳልጨርስ ደወለች። የዝናቡን፣ የኑሮውን፣ የልጆቿን ነገር ስታወራኝ ቆይታ፣ «እትዬ፣ ያቺ ቃሊቲ ትኖር የነበረችው ጋዲሴ አርፋለች፤ ማክሰኞ ተቀበረች» አለችኝ። ዘመዴ ስላልሆነች እንደ ሰፈር ወሬ ነው የነገረችኝ። ወዲያው ወደ ሌላ ጨዋታ አለፈች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ጋምቤላ የመጣሁት ባለቤቴ ጤና ጣቢያው በድሬሰርነት ተመድቦ ነው። እሱን እዚሁ ቀበርኩት፣ እኔም እዚሁ አረጀሁ። ጎረቤቶቼ ጀሪካን ቆርጠው ደጃቸው ላይ አበባ ይተክላሉ። «እማማ አስካለ፣ እርስዎስ ለምን አይተክሉም?» ይሉኛል። «ሙቀቱ አያበቅልልኝም» እላለሁ። ሙቀቱ አይደለም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በንጉሡ ዘመን፣ አቃቂ ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነበት ጊዜ። አባቴ በሞተ በዓመቱ ከጨርቅ ፋብሪካዎቹ በአንዱ በጽዳት ተቀጠርኩ። ጥቂት ቆይቶ ወደ አትክልት ክፍል አዛወሩኝ። አትክልት ክፍል ማለት ጋሼ በዳሶና እኔ ነን፤ ሌላ ሰው የለበትም።

ጋሼ በዳሶ የዚያው አገር ሰው ናቸው። ፋብሪካው ካረፈበት መሬት ግማሹ እሳቸው የሚያርሱት ነበር። መሬቱ ሲወሰድ በምትኩ ያገኙት ያንኑ የአትክልተኝነት ሥራ ነው። በምሬት ሲናገሩት አልሰማሁም። አንዳንዴ ብቻ የሽመና ክፍሉን ግድግዳ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «እዚያ ጋ ሽንብራ ነበረኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የአቃቂ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። «ዋልካ እንደ አማት ነው፤ ክረምት አቅፎ ይይዝሻል፣ በጋ አፉን ይከፍትብሻል» ይሉኝ ነበር። ለጤፍና ለሽንብራ እንጂ ለጌጥ ቁጥቋጦ አይሆንም፤ ሥሩን ያንቀዋል። ስለዚህ ጽጌረዳውንና ቡገንቪሊያውን በጣሳ ነበር የምናሳድገው። ከቱሉ ዲምቱ ቀይ አፈር በጋሪ ይመጣልናል፤ ከወንዙ አሸዋ፣ ከበረቱ የበሰበሰ ፍግ እንጨምርበታለን። ጣሳውን ከሥሩ በምስማር እንበሳለን። ጋሼ በዳሶ ውኃ መጥማቱንም በዓይን አይለዩም፤ ጣሳውን በጣታቸው አጥንት ያንኳኩታል። የጠማው ይጮኻል፣ የጠገበው ዝም ይላል። እኔም ለመድኩት። ፈረቃ ሲለወጥ የሚያልፉት የፈትል ክፍል ሴቶች ይስቁብኛል።

«አስካለ! ይሄን ሁሉ ውኃ ለማይበላ ነገር ከምታፈሺ ጎመን ብትተክዪበት ምን አለ?»

«ጎመን ብትተክል እናንተ ታስቀሩላታላችሁ?» ይላሉ ጋሼ በዳሶ ቀና ሳይሉ። ሴቶቹ እየተንጫጩ ያልፋሉ።

በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ የግቢው ኃላፊ አቶ ይልማ መጡና፣ ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት እንግዶች ሊመጡ ነው አሉን። «ከበሩ እስከ ቢሮው በግራ ሃያ፣ በቀኝ ሃያ አበባ! ሁሉም አንድ ልክ ጣሳ፣ ሁሉም ነጭ ቀለም። እንደ ወታደር ተሰልፎ ማየት እፈልጋለሁ!»

አንድ ልክ የሆነ አርባ ጣሳ የሚገኘው ከማቅለሚያ ክፍሉ ብቻ ነበር። ጨርቅ የሚነጣበት፣ ሥጋ የሚያቃጥል ሶዳ የሚመጣበት ጣሳ ነው። ሶዳው ሲያልቅ ከታች በመጋጠሚያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ታጥቦ ብቻ አይለቅም፤ ውኃ ሞልተውት ሦስት ቀን መዋል አለበት፣ በየቀኑም ተደፍቶ እንደገና ይሞላል። በዚሁ መሐል የጋሼ በዳሶ ወንድም ዱከም ሞተ፤ ለለቅሶ ሄዱ። ሲሄዱ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ «አደራ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ። ውኃ ይዞ ያልዋለ ጣሳ አፈር እንዳይነካው።»

መጋቢት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አርባውንም ሞላሁ። ቀለም ቀቢው የሚመጣው መጋቢት ስድስት ቀን ማለዳ ነው፤ ተክሎቹ ከዚያ በፊት ጣሳ ውስጥ መግባት አለባቸው። በመሐል መጋቢት አምስት አለ፤ የአቦ ክብረ በዓል። በአቦ ቀን አፈር አይነካም፤ እናቴ በዚያ ቀን የቤቱን መደብ እንኳ አትለቀልቅም። ደግሞም ለእናቴ ጤና ተስዬ ነበርና ሳሪስ አቦ በእግሬ ሄጄ ማስቀደስ ነበረብኝ። አቶ ይልማን «ቀለሙ አንድ ቀን ይቆይልኝ» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ፈራኋቸው፤ አልጠየቅሁም። አቦን ከምሽር ጣሳው ይሻር አልኩ በልቤ።

መጋቢት አራት ቀን ጠዋት፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረውን ውኃ ደፋሁ። አንድ ጊዜ አለቀለቅኩ። ቅርፊቱ ከታች ነጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ቀይ አፈር ስጨምርበት አልታየኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባውንም ተክዬ ጨረስኩ። ጣቶቼ ያቃጥሉኝ ጀመር።

በማግሥቱ የእናቴን እጅ ይዤ ሳሪስ ሄድን። መንገዱን አስታውሰዋለሁ፤ በደብረ ዘይት አስፋልት የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች አቧራቸውን ነጠላችን ላይ ያራግፉብን ነበር፣ በሩቁ የባሕር ዛፍ ሽታ አለ። ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ስልጆ በእንጀራ በላን። እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ የተሰማኝ ቀን የለም።

መጋቢት ስድስት ቀን ጣሳዎቹ ነጭ ተቀቡ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ጋሼ በዳሶ በማግሥቱ ተመለሱ፤ ያኔ ቅጠሎቹ ገና ደህና ነበሩ። መጋቢት ስምንት ቀን ጠዋት የጽጌረዳው ቅጠል ከዳር ዳሩ ቡናማ ሆነ፤ እኩለ ቀን ላይ መርገፍ ጀመረ። ጋሼ በዳሶ አንዱን ጣሳ አንኳኩ፤ ዝም አለ። ውኃ አልጠማውም። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ጫፍ ወሰዱና ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ተፉት።

«ውኃ ይዘው ዋሉ?»

«ዋሉ፣ ጋሼ።»

ወዲያው እጄን አዩት። የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ ነበር። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ።

«ጾም ቢሆንም እጅሽን ቅቤ ቀቢው» አሉኝ። «እግዜር አይቆጣም።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የዚያን ቀንና በማግሥቱ ከቧንቧው ውኃ እያመላለስን አፈሩን ለማጠብ ሞከርን። መጋቢት አሥር ቀን እንግዶቹ ሲመጡ ከበሩ እስከ ቢሮው የቆመው አርባ ነጭ ጣሳና አርባ ጭራሮ ነበር። መኪናዎቹ ሳይቆሙ አለፉ፤ መስኮታቸው ዝግ ነበር። ይኸን ሁሉ ጭራሮ ያየው ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አቶ ይልማ ግን አይተዋል። ሠራተኛው በቆመበት ጋሼ በዳሶን ጠሯቸው።

«ጣሳው ነው?»

ጋሼ በዳሶ ወደ እኔ አልዞሩም። «ጣሳው ሦስት ቀን ውኃ ይዟል። ልጅቷ ሥራዋን ሠርታለች።»

«እንግዲያው አንተ ነሃ! መሬቴን ወሰዱብኝ ብለህ፣ ቂም ቋጥረህ መረዝከው!»

የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው «አንተ» ሲሏቸው ሁሉም ሰማ። ያቺ «ዋሉ» ያልኳት ቃል ጣሳዎቹን ነፃ አውጥታ እሳቸውን አሳሰረች። እሳቸውም ቃሌ ውሸት እንደሆነ አውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ እጄን አይተዋላ። አባት የሌላት፣ እናቷን የምትጦር ልጅ መሆኔንም ያውቁ ነበር። እኔ ሴቶቹ መሐል ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ወሰዷቸው።

ሰባት ወር ታስረው ሲወጡ ያስሉ ነበር። ቀጣዩን ክረምት አልጨረሱም። ልጃቸው ጋዲሴ እኩያዬ ነበረች፤ «የአበባ መራዥ ልጅ» እየተባለች ኖረች። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። «ስግደቱን እሰጥሻለሁ፤ ስግደት ግን የሰውየውን ስም አይመልስም። ሂጂና ለሴት ልጁ ንገሪ» አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። መንገሩን ለፋሲካ አልኩ፣ ለመስቀል አልኩ፣ ከዚያ ባል አገባሁና አገር ለቀቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ጋዲሴ ዘንድ ገባሁ። ቤቷ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረበችልኝ። ወሬው አባቷ ላይ ሲደርስ፣ «አድርጎታል፤ እኔ አልፈርድበትም» አለችኝ። «መሬቱ ነዋ፣ አስኩ። ለልጆቼም እንዲሁ ብዬ ነው የነገርኳቸው።» ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጭኮውን ጎረስኩበት።

አሁን ጋዲሴ የለችም። የምነግራትን ሰው ቀበሩብኝ። እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» ለማለት እንኳ አንደበት የለኝም፤ የአባቷን ነገር እዚያ ከራሳቸው ትሰማለች ብዬ ልጽናና እሞክራለሁ፣ እሳቸው ግን እዚያም ዝም የሚሉ ይመስለኛል። ጉልበቴ ለዚያ ሁሉ መንገድ አይበቃም፤ ቢበቃም ራሴን አላምነውም፤ ስንት ጊዜ ሲከዳኝ አይቼዋለሁ።

ያን ቀን እዚያ ግቢ የቆማችሁ፣ የፈትል ክፍል ሴቶች፣ ከእናንተ በሕይወት ያለች ብትኖር አንድ ነገር እለምናለሁ። የጋዲሴ አርባ ገና ነው። ሂዱልኝ። ልጆቿን ጥሯቸውና አያታችሁ ምንም አልመረዙም በሏቸው። ማን አለ ቢሏችሁ አስካለ በሉ። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። ጣሳዎቹ ውኃ ይዘው አልዋሉም በሉልኝ።