እድራችን ኢሚግሬሽን ቢሮ የተጠየቀ ዕለት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2022 ዓ.ም. ጸደይ ላይ ነው። ያን ቀን ሰው ረድቼ ነው የወጣሁት፤ ያም ሆኖ ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። እስካሁን ለሰው ሳወራ ግማሹን ብቻ ነበር የማወራው፤ እዚህ ግን ሙሉውን ልጻፈው።

ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አስራ ስምንት ዓመት ኖረው እንግሊዝኛው እሺ አላላቸውም። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ጋር የሚታገል ሰው ከማን ጋር ይለማመደው? የእድራችን ጥሩምባ ነፊ እሳቸው ናቸው። እዚህ የምር ጥሩምባ ቢነፋ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል፤ ስለዚህ የሚነፉት በስልክ ነው። ሰው ሲሞት ከፒከሪንግተን እስከ ዎርዝንግተን፣ ከከተማው ዳር እስከ ዳር፣ አንድ ቤት አይቀራቸውም። እድሩ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። እናቴ ያረፈች ዕለት ከቄሱ ቀድመው ቤቴ የደረሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ዜግነት የፈለጉት ለእናታቸው ሲሉ ነው። እናታቸው ሰማንያ አልፏቸዋል፤ በደወሉ ቁጥር "ሳልሞት ልይህ" ይሏቸዋል። ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጭንቀታቸው ባሰ። መሄዱን ግን ይፈራሉ። ከዓመታት በፊት ደርሰው ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ወደ ኋላ ክፍል ወስደው አምስት ሰዓት አቆይተዋቸዋል። የት መስጊድ ትሰግዳለህ? ማንን አገኘህ? ማን ምን አስያዘህ? "ሰይድ የሚባል ሌላ ሰው ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ወሎ ተወልዶ ሰይድ የማያውቅ ማን አለ?" ብለው ሲያወሩን ስቀናል። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን አልተሳፈሩም። ዜጋ ስሆን ይተዉኛል ብለው ያመለከቱት ገና ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። የእኔ የሥራ ባልደረቦች ማመልከቻ በወራት ሲያልቅ የእሳቸው "በማጣራት ላይ ነው" እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ተጠሩ። በዕድሜያቸውና በቆዩበት ዘመን ምክንያት በአስተርጓሚ መፈተን ይፈቀድላቸዋል፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ኢስተን ካለው ሆቴል ሥራዬ ስወጣ እየሄድኩ ሦስት ሳምንት አጠናን። "የማንኛውም ድርጅት ወይም ማኅበር አባል ነህ?" ሲሉዎት "አይደለሁም" ይበሉ ብያቸው ነበር። የምናውቀው ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው ያለፈው።

ኦፊሰሩ ጭንብል ያደረገ፣ ትሁት ሰው ነበር። ሁለታችንንም እጃችንን አስነስቶ አስማለን፤ እሳቸው እውነቱን ሊናገሩ፣ እኔ ከተባለው ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም። የአሜሪካ ታሪክ ጥያቄዎቹን አንድም ሳይስቱ መለሱ። የድርጅቱ ጥያቄ ሲመጣ ግን ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

"እድር አለኝ በይው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እንደተባባልነው ይበሉ እንጂ!"

"እጄን አንስቼ ምያለሁ እኮ ልጄ። ሁለት እድር አለኝ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ደሴ። በይው።"

አልኩት። እስክሪብቶውን አነሳ። ምን ይሠራል? ሰው ይቀብራል። መዋጮው ወደ ውጭ አገር ይሄዳል? ለደሴው በየዓመቱ እልካለሁ። የደሴውን የሚመሩት እነማን ናቸው? ጋሽ ሰይድ በኩራት ቆጠሩለት፤ አህመድ፣ መሐመድ፣ ኢብራሂም። እሱ እያንዳንዱን ስም ፊደል በፊደል አስቆጥሮኝ ጻፈ። ስሞቹ በበዙ ቁጥር ግንባሩ ይቋጠራል። ከዚያ "ይሄ ለበላይ መቅረብ አለበት፤ በደብዳቤ እናሳውቃለን" አለ።

ያንን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። ሌላ ሁለት ዓመት ማለት ነው። እናትየው ሁለት ዓመት የላቸውም።

እኔም መሐላዬን አፈረስኩ። "አንድ ነገር ልናገር ትፈቅድልኛለህ?" አልኩት። ይህን ስል ሻርፔን ላላ አድርጌ የማተቤን መስቀል ወደ ውጭ አወጣሁት። አመለጠኝ አልልም፤ ሆነ ብዬ ነው። "የዚህኛው እድር አባል እኔም ነኝ። እናቴን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። የደሴውም እንደዚሁ ለቀብር ነው" አልኩት።

ዓይኑ አንገቴ ላይ አረፈ። "ክርስቲያን ነሽ?" አለ። ኦርቶዶክስ ነኝ አልኩት። "እንዲህ ከሆነ ገባኝ። የአያቴም ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነገር ነበራት" ብሎ የተቋጠረው ግንባሩ ተፈታ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ማለፋቸውን ነገረን።

መኪና ውስጥ ጋሽ ሰይድ "ምን ብለሽ አሳመንሽው?" አሉኝ።

"እድርተኛዬ ናቸው አልኩት።"

መረቁኝ፤ መንገዱን ሙሉ መረቁኝ። ምርቃቱ አልዋጥ አለኝ። ያው እድር፣ ያው ቀብር ነው። በእሳቸው አፍ ሲነገር የሚያስጠረጥር፣ በእኔ ሲነገር የአያት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

በዚያው ክረምት ሄደው እናታቸውን አዩ፤ አንድ ወር አብረው ሰነበቱ። የመጡ ቀን ልቀበላቸው ኤርፖርት ሄጄ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ ፓስፖርታቸውም ያው የኋላ ክፍል ገብተው የኮሎምበሱ በረራ አምልጧቸዋል። አመሻሽ ላይ በሌላው በረራ ደረሱ። ደክሟቸው ሳያቸው አላስችል አለኝና መኪና ውስጥ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መስቀሉን፣ ሆነ ብዬ ማውጣቴን፣ ሁሉን።

ጋሽ ሰይድ እኔን ሳያዩ ወደ መንገዱ እያዩ መለሱልኝ።

"አይቻለሁ እኮ ልጄ። የጠፋኝ እንግሊዝኛ ነው እንጂ ዓይን አይደለም። ያን ጊዜ ተነሥቼ 'በእኔ ቃል ካላመንክ ይቅርብኝ' ልለው ፈልጌ ነበር። እናቴን አሰብኩና ተቀመጥኩ።"

እስከዚያ ድረስ ያፈርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የሚያንገበግበኝ መስቀሌን ማውጣቴ አይደለም፤ ለእናትየው ሲባል ነገም አወጣዋለሁ። የሚያንገበግበኝ እኚያ ምለው ያልዋሹ ሰው፣ እውነታቸው በእኔ አንገት ሲታመን አጠገቤ ቁጭ ብለው ማየታቸው ነው።