በማለዳ የመጣ የምሥራች

እታገኘሁ ጅጅጋ ውስጥ አማርኛ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይሁን የሚባለው ባሏ ወታደር ነው። በ2014 ኅዳር መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመር ወደ ወሎ ግንባር ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሬዲዮው የተመለሱትን ከተሞች በየቀኑ ይዘረዝራል፣ ሰፈሩም ያጨበጭባል። እሷ ግን ማጨብጨቡ አልሆነላትም። ከተማ ያለ ደም እንደማይያዝ የወታደር ሚስት ታውቃለች። ፍርሃቷም አንድ ብቻ ነበር፦ ባሏ በሕይወት አለ ወይስ የለም?

አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ፣ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ጎረቤቷ ካፊያ ስድስት ሰባት ሴቶች አስከትላ ቆማለች፤ ከፊታቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ፋራህ። ሽማግሌ እያለ ቀድሞ መናገር ነውር ነውና ሴቶቹ ዝም አሉ። ጋሽ ፋራህ ደግሞ ዱዓ ሳያደርጉ ወሬ አይጀምሩም፤ እጃቸውን ዘረጉ።

እታገኘሁ ባደገችበት በጎጃም፣ ሰው ተሰብስቦ በንጋት ቤት የሚያንኳኳው ለመርዶ ነው። ዱዓው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። «ወይኔ ይሁኔ!» ብላ ደረቷን መታች።

ሴቶቹ ተያዩ። እኛ ያልሰማነውን ሰምታለች ማለት ነው አሉና እዬዬውን አቀለጡት። ካፊያም እያለቀሰች፣

«መቼ ሰማሽ? ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«እናንተ ናችኋ!»

«እኛ? ወላሂ እኛ በሕይወት አለ ልንልሽ ነው የመጣነው! ማሃድ አሁን ደወለ፤ ደሴ ሐኪም ቤት አገኘው። እጁን ነው የተመታው!»

ማሃድ የካፊያ ልጅ ነው፤ ለሠራዊቱ የተላኩ በጎች ጭኖ የሄደ ሹፌር። እታገኘሁ ግን አላመነችም። መርዶ ነጋሪ «ትንሽ አሞታል» ብሎ እንደሚጀምር ከልጅነቷ ታውቃለች።

«በዚህ ሰዓት ለምሥራች ይመጣል?» ብላ ጮኸችባቸው።

«ለምሥራች ፀሐይ ይጠበቃል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ፋራህ፣ ቅር ብሏቸው።

ካፊያ ለልጇ ደወለችና ስልኩን እታገኘሁ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ነገሩ ገና ስላልገባቸው ልቅሶውን አላቋረጡም። ማሃድ ስልኩን ለይሁን ሲሰጠው መጀመሪያ የሰማው ያንን ነበር።

«እታገኝ፣ ምንድነው የምሰማው? ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ!» አለችው፤ የበሩ ደፍ ላይም ተቀመጠች።

ጋሽ ፋራህ ያቋረጡትን ዱዓ ከመጀመሪያው ጀመሩ።