ሁለቱ የአክርማ ዘንጎች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የወንድሜን ልጅ ናኦልን እዚህ ጎተንበርግ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ነው። ምሳ እየበላን ስለ ሥራው ስጠይቀው፣ «አክስቴ፣ በእጄ ሳበርር እንኳ መንገድ የሚያሳዩኝን መሪ መስመሮች አላጠፋቸውም። ምን በወጣኝ!» አለኝ። ይህን የመሰለ ነገር አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አምቦ፣ በደርግ ዘመን፣ ከገዛ አባቱ አፍ።

ፍልሰታ ነበር። ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ጩኸቱ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ወንድሜ ቶላሳ ከአብራሪዎች ትምህርት ቤት ጥቂት ቀን ሊሰነብት መጥቶ፣ የአዲስ ዓለምን መንገድ ጭቃ በጫማው ይዞ ገባ። አንድ ፈተና ወድቋል፤ ዳግመኛ ከወደቀ ይሰናበታል። ስለዚህ ሊለማመድ ከሳሙና ካርቶን ከፍታና አቅጣጫ የሚያሳዩ የአውሮፕላን ሰዓቶች ሠራ፤ ጠቋሚዎቻቸውን በስፒል ሰካ። መሃላቸው ከስፌቴ የወሰዳቸውን ሁለት የአክርማ ዘንጎች አጣመረ፤ አንዱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ላይና ታች ይላል። እውነተኛው መሣሪያ መንገዱን አስልቶ ለአብራሪው «ወዲህ በል» የሚለው በእንዲህ ያሉ መስመሮች ነው፤ አብራሪው ተከትሎ መሃል ላይ ካቆያቸው መንገዱን ይዟል ማለት ነው። እኔ ዘንጎቹን አንቀሳቅሳለሁ፤ እሱ የመጥረጊያ እንጨት ጉልበቱ መሃል ይዞ ይከተላል፤ እኔም እንደ አያያዙ ሰዓቶቹን አዞራለሁ።

«በይ መነኩሲት፣ ምሪኝ!» ይላል፣ በጾመኛነቴ እያሾፈ፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እያጠቀሰ።

እውነትም ጎበዝ ነበር። ዘንጉ ሲሄድ እጁ ይሄዳል። ዓይኑ ግን ከአክርማው ንቅንቅ አይልም። ነገሩ አላማረኝም። አግድሙን ዘንግ ቀስ አድርጌ ወደ ታች ሳብኩ። ተከተለ። የከፍታውን ጠቋሚ ዝቅ አደረግሁ። ደግሜ ሳብኩ፤ አሁንም ተከተለ። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ደረሰ።

«አየሽ? ልክ መሃሉ ላይ!» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«የምን መሃል? ተከስክሰሃል!»

ሰዓቱን አየ። «አንቺ ነሻ አሳስተሽ የመራሽኝ!»

«እሺ፣ እኔ ተሳሳትኩ! ያንተ ዓይን ምን ይሠራ ነበር? ከኋላህ የተቀመጡት እናቶች አክርማ አምነው ነው የተሳፈሩት?»

«መሣሪያው እንዳንቺ ተንኮለኛ አይደለም።»

«ቢበላሽስ? ማን ይነግርሃል?»

እናታችን ከጓዳ፣ «ማል ታታን ኢጆሌ?» አለች፤ ምን ሆናችሁ ልጆች ማለቷ ነው። በጾም መቆጣት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተቆጣሁ። ዘንጎቹን ነቅዬ ወደ ስፌቴ መለስኳቸውና፣ «በል ያለ እነሱ አብርር» አልኩት። እንደ ሕፃን ተደናበረ፤ ተራገመ፤ ካርቶኑን ወረወረ። ወደ ትምህርት ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ዘንጎቹን አልሰጠሁትም። ፈተናውን አለፈ። ፈታኞቹ መስመሮቹን አጥፍተውበት እንደነበር የነገረኝ ቆይቶ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ።

መሣሪያ አልጠላም፤ ብልሃቱን ለሰው የሰጠ እግዚአብሔር ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ያው እግዚአብሔር የሰጠውን ዓይን ለመስመር አስረክቦ «በእጄ ነው የማበርረው» የሚል ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለናኦል ነገርኩትና፣ «አንተስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፋሃቸው መቼ ነው?» አልኩት።

«አላስታውስም» አለኝ። ከዚያ ውሃ ቀዳ።

ተነሥቼ፣ እንደ አባቱ ላለማምደው፣ ካርቶን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።