በሁዳዴ የላክኩት በሶ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የምላሴን ጣጣ ሁሉ ስዘረዝር ይህቺን ዘልዬ አልፋታለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ልናገርና ፍረዱኝ።

የአዘዞ ሰፈራችን ሴቶች ድንበር ላይ ላሉ ወታደሮች ስንቅ እናዘጋጅ ነበር። ማንም አላስገደደንም፤ ልጆቹ የተረሱ እንዳይመስላቸው ብለን ነው። አንዷ ገብስ ትቆላለች፣ አንዷ ታስፈጫለች፣ እኔ በሶውን እለውሳለሁ። በዚህ ሙያዬን የሚያማ የለም።

ሁዳዴ ገባ። ሰብሳቢያችን እትዬ ስንዱ «የሚጾሙ ልጆች አሉ፤ በዘይት ብቻ ይለወስ» አሉ። እኔ ደግሞ የልጆቹን ፎቶ አይቼ ነበር፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። «በዘይት ምን ጉልበት ይገኛል?» አልኩ። «ጾሙ የነሱ ነው፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ በሰው ፊት። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለልጆቹ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግማሹ እልህ ነበር።

በሶውን ቤቴ ወስጄ በነጠረ ቅቤ ለወስኩት። ጠረኑ እንዳያጋልጠኝ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አበዛሁበት። ከዚያ በገዛ እጄ በየከረጢቱ ላይ «የጾም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቅቤውስ ይሁን፣ ያንን ቃል ምን አጻፈኝ?

ከፋሲካ በኋላ አስር አለቃ ማስረሻ የሚባል የደምቢያ ልጅ ፈቃድ ወጥቶ ሊያመሰግነን መጣ። «ስንቃችሁ ሸጋ ነበር» አለ። «እኔን ያቆመኝ ግን ጾሜ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ሆኜ አንድ ቀን ሳልገድፍ ጨረስኩት።» ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ! ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው የሰጠኝ?

ሦስት ዓመት ያቺን እልልታ ይዤ ኖርኩ። ልናገር ስል፣ የሚኮራበትን ላፈርስበት ነው ወይ እላለሁ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከተማ ወጥቼ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ማስረሻን አገኘሁት። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዘረገፍኩለት። ፊቱ ጠቆረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምነው እትዬ ብርቄ፣ ያኔውኑ ቢነግሩኝ?» አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እኔ እኮ ያን ሁሉ ዳገት እየሮጥኩ የምወጣው በጾሜ ብርታት መስሎኝ! በሉ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎት። እኔ ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ ጾሜን እሱ ያውቃታል።»

እፎይ! ደረቴ ላይ የተጫነው ወፍጮ ወረደ። ወደ አዘዞ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አበደች ይበሉኝ! እንዲህ የሚቀል ከሆነ ሦስት ዓመት ምን አንገበገበኝ?

ግን ማስረሻ ይቅር ያለኝ ስለ ራሱ ብቻ ነው። ከረጢቶቹ ብዙ ነበሩ፤ የሌሎቹን ስማቸውንም አላውቅም። እናንት በዚያ ሁዳዴ ከአዘዞ የተላከ በሶ የበላችሁ ልጆች፣ ይህ ከደረሳችሁ ስሙኝ። ቅቤ ነበረው። አዝኜላችሁ ነው ብዬ አላመካኝም። እናንተ ጾማችኋል፤ የገደፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።