ከጎንደር የተላከ፣ በኤመቅ ሳራ የተጣለ

ሐይፋ፣ ማለዳ

ከሐይፋ የተነሣሁት እሑድ ጠዋት ነው። በዚህ አገር እሑድ የሥራ መጀመሪያ ስለሆነ ባቡሩ ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ይሞላል። እስከ ቴል አቪቭ ድረስ በአንዱ ሻንጣና በሌላው ጉልበት መካከል ተጣብቄ ቆሜ ሄድኩ። የኢሜይል ሰርቨር፣ ደብዳቤ የሚቀበለውን ኮምፒውተር መጠበቅ ሥራዬ ነው። ወደ ቤር ሼቫ የጠራችኝ ጽዮና ትባላለች፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እሷ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት። የምታስተባብረው ትንሽ ማኅበር ጎንደር የቀሩ ዘመዶችን ሰነድ በኢሜይል እየተቀበለ፣ ወደ እስራኤል እንዲገቡ ለመንግሥት ያቀርባል።

ጉዳዩን በስልክ ነግራኛለች። እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት አሉ፤ ልጃቸው ደሴ ጎንደር ቀርቷል። የእናትና ልጅ ማስረጃ እንዲልክ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት ነበር። እሱ ልኬአለሁ ይላል፤ በማኅበሩ የመልእክት ሳጥን ግን ምንም የለም። ገደቡ አለፈና መዝገቡ ተዘጋ። እማማ በስልክ ውሸታም ብለውት ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈዋል። በጊዜው መላኩ ከተረጋገጠ መዝገቡ እንዲከፈት መጠየቅ ይቻላል። እኔም መልእክቱ መጥቷል ወይም አልመጣም ብዬ ቁርጡን ልነግራቸው ነው የምሄደው።

ከኪርያት ጋት ወዲያ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ መሬቱ አመድማ ይሆናል። በመስኮቱ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ጥቂት ፍየሎችና ቆሞ የሚያመነዥክ ግመል አየሁ። እንቅልፌ መጥቶ ነበር፤ የእማማ ነገር ግን አላስተኛኝም። እናት ልጇን ውሸታም የምትለው ምን ያህል ተስፋ ብትቆርጥ ነው?

ሽኩና ቤት

ቤር ሼቫ ጣቢያ ላይ ቡሬካ የሚሉትን የተጋገረ ሳምቡሳና ቡና ገዛሁ። ቡሬካው የትናንት፣ ዋጋው ግን የነገ ነው። በእግሬ ሽኩና ቤት ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ፤ ማኅበሩ ያለው በአንድ አሮጌ የመንግሥት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ጽዮና ሠላሳ የሞላት አትመስልም። ቁልፏን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።

“ከአንተ በፊት የመጣው ቴክናይ፣ የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ‘ሀኮል በሰደር’፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎኝ ሄደ” አለች።

“ሰርቨሩ ደህና ሊሆን ይችላል” አልኳት። “ደብዳቤው ነው የጠፋው።”

“እኔ ነኝ እማማን የለም ያልኳቸው። ሁለቴ መጥተው ጠይቀውኝ፣ ሁለቴም የለም አልኳቸው።”

ኤመቅ ሳራ

ሰርቨሩ የተቀመጠው በኤመቅ ሳራ፣ በአንድ መጋዘን የኋላ ክፍል ነው። በጽዮና መኪና ሄድን። አካባቢው ብረት ቆራጭ፣ የጎማ ሱቅና የጭነት መኪና ነው። ክፍሉ ውስጥ የማቀዝቀዣው ጩኸት ያደነቁራል፤ ከአንድ ፕላስቲክ ወንበር በቀር መቀመጫ የለም። ወንበሩን ለጽዮና ሰጥቼ እኔ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ማንኛውም ኢሜይል ራስጌ አለው። ከማን እንደተላከ፣ ለማን እንደሆነና መቼ እንደተጻፈ እዚያ ላይ ይሰፍራል። አጭበርባሪ ራስጌውን ስለሚያዛባ ሰርቨር ሁሉ ይመረምረዋል። የዚህ ሰርቨር አዘጋጅ፣ ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ያረጀ መልእክት ሁሉ ወደ ጎን እንዲጣል፣ ለላኪውም ምንም እንዳይነገረው አዝዟል። የተጣሉት የሚከማቹበትን ማህደር ከፍቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ከፈትኩት።

ከሺህ የማስታወቂያ ቆሻሻ መካከል የደሴ ስም ያለበት ሦስት መልእክት አገኘሁ። ቀናቸው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እንደ ማሽኑ ‘ሐሰተኛ ነው’ አልኩ። ከዚያ ወሩን ልብ አልኩት። ሰርቨራችን የመጀመሪያውን የተቀበለው በጃንዋሪ ነው፤ ራስጌው ግን አምስተኛውን ወር፣ ሜይን ይላል። በጃንዋሪ ጎንደር ጥር ነው። ጥር ደግሞ ከመስከረም ሲቆጠር አምስተኛ ወር ነው።

ስምንቱ ዓመትም የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ነው። ደሴ ሰነዱን ያስላከበት የኢንተርኔት ቤት ሰው የኮምፒውተሩን ቀን በአገሩ አቆጣጠር ሞልቶታል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ብዙ ድረ ገጽ አልከፍትም ስለሚል፣ ሱቁ በራሱ አድራሻና በአሮጌ ፕሮግራም ልኮለት ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ በጎንደር ቀኑ ያ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክቶች ውስጥ ማስረጃዎቹ ሁሉ አሉ፤ ሁለቱም በጊዜው ደርሰዋል። በሦስተኛው መልእክት ግን ሰነድ የለም፤ “ለእናቴ አንብቡላት” ይልና ይቀጥላል፦ “እማየ፣ ልኬአለሁ። አንች ካላመንሽኝ ማን ያምነኛል?”

“ኮል ሀዝማን?” አለች ጽዮና። “ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?”

“እዚህ ነበር።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔ ሦስቱን መልእክት ወደ ስልኬ ገለበጥኩ።

ሽኩና አሌፍ

ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ስንደርስ፣ እማማ ጥሩወርቅ የሕንፃ ደረጃ ሲያጸዱ ውለው ገና መግባታቸው ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው “ኑ፣ ግቡ ልጆቸ” አሉን። ሳንቀመጥ ነገርናቸው፤ ሦስተኛውን መልእክትም አነበብኩላቸው።

“እስቲ ድገመው ልጀ።”

ደገምኩት።

“ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ዋልሁ እያለኝ አንገረብ ወንዝ ሲዋኝ ይውል ነበር” አሉ። “ቢሮው፣ ሚስራዱ የለም ሲለኝ እሱ ትዝ አለኝ። ሚስራዱን አመንሁ፣ ልጀን ካድሁ።”

“እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች ጽዮና።

“ተይ ልጀ። አንች ያላየሽውን ነው የለም ያልሽ። ደውሉልኝ።”

ደወልን። ያነሣው የማናውቀው ሰው ነው። ስልኩን ደሴ ሸጦለት ከፋሲካ በኋላ ወደ መተማ ሄዷል። “ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ ነው የሚሉት” አለ ሰውየው። በሱዳን መንገድ ዛሬ ምን እንዳለ የማያውቅ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

እማማ አላለቀሱም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

“ከአፍ ከወጣ አፋፍ” አሉ። “ጻፍልኝ። ‘ደሴ፣ ውሸታም ያልሁህ እናትህ ነኝ። ወረቀትህ ተገኘ። ካለህበት ተመለስ’ በል።”

“አድራሻው የኢንተርኔት ቤቱ ነው እማማ። እሱ እዚያ የለም።”

“ይሁን፤ ሰው ለሰው ይነግራል።”

እዚያው በስልኬ፣ ከማኅበሩ አድራሻ ላክሁት።

ወደ ቤት

በመጨረሻው ባቡር ተመለስኩ። ፉርጎው ባዶ ነበር፤ መቀመጫ እንደ ልብ አግኝቼም እስከ ሐይፋ አልተመቸኝም። በማግስቱ ከቤቴ ሆኜ ትእዛዙን ቀየርኩት፤ አሁን የታገደ መልእክት ሁሉ ለላኪው ይነገረዋል፣ በሰው ዓይንም ይታያል። ራስጌ መመርመር ክፉ አይደለም፤ ካልተመረመረ ሳጥኑ የሌባ መጫወቻ ይሆናል። ግን ከዚህ ጉዞ የገባኝ፣ አላመንኩህም ሳንለው የጣልነው ሰው እዚያ ማዶ መልስ እየጠበቀ እንደሚቀመጥ ነው።

ጽዮና ማስረጃውን ይዛ አመለከተች። መዝገቡ ሊከፈት ይችላል ተባለች፤ አመልካቹ ደሴ ራሱ ቀርቦ ከፈረመ።

እማማ ዓርብ ዓርብ፣ ሻባት፣ ሰንበት ሳይገባ ይደውሉልኛል።

“መልስ መጣ ልጀ?”

“አልመጣም እማማ።”

“የተጣለውንም አይተኸዋል?”

“የተጣለውንም አይቻለሁ።”