እኩሌ እርሻ ሲያካፍል

ሰፈርተኛው «እኩሌ» ያለው ወዶ አይደለም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በጋራ በያዙት እርሻ ወንድምየው ሲቆፍርና ሲያጠጣ ይውላል፤ እኩሌ ምርቱ ሲደርስ ሚዛን ይዞ ብቅ ይላል። «እኩል ነው፣ ወንድም ጋሼ» ይላል። ቅቤ ምላስ ነው። ከእሱ ጋር ተካፍሎ የሞላለት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ወንድምየው በድንገት ሞተ። እኩሌ እንባው ሳይደርቅ ሜትር ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። የሟች ሚስት ያስጨነቃት አንድ ነገር ነው፤ ከባሏ ጋር የቆፈረችው የውሃ ጉድጓድና ዙሪያው ያለው የሽንኩርት መደብ። ጉድጓዱ ከሄደባት ልጆቿን የምታበላበት የላትም።

ሽምግልና የገቡት ጡረተኛ መምህር፣ «እንደተለመደው አንዱ ያካፍል፣ ሌላው ይምረጥ» አሉ።

«እኔው ላካፍል፤ እትዬን በሐዘኗ ላይ ምን አደከማት» አለ እኩሌ። እንዴት ያለ አሳቢ ነው።

ካስማ ሲተክል አብሬው ነበርኩ። ጉድጓዱን፣ የውሃ ሞተሩንና ጥቁሩን አፈር በአንድ ወገን አደረገ። ቤቱንና ድንጋያማውን ተረተር በሌላው።

«መራጯ እሷ እኮ ናት» አልኩት።

በቤቱ መስኮት ሥር ቆመን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እማዬ እዚህ ቤት ናት። የምታጥባት፣ የምታጎርሳት እትዬ ናት፤ አሮጊቷን ጥላ የትም አትሄድም። ቤቱን ትመርጣለች።»

በገዛ እናቱ ነበር የሚነግደው። አስጠላኝ። የእናቱ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ደህና መሆኑን ግን እንኳን እኔ፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የረሳው ልጃቸው ብቻ ነው።

በምርጫው ቀን ሁላችንም ደጅ ቆምን። ሴትዮዋ ጉድጓዱን አየችና አቀረቀረች። «ቤቱን...» ብላ ስትጀምር፣ አማቷ ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

«ውሃውን ምረጪ፣ ልጄ» አሉ።

«እርስዎስ፣ እማማ? እዚያ እኮ ከሞተሩ ጎጆ በቀር መጠለያ የለም።»

«ጎጆው ይበቃናል።»

እኩሌ ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ ቤቱ የእኔ ሊሆን ነው እኮ። የት ትሄጃለሽ?»

«ሁለት ልጅ ነበረኝ» አሉ እናቱ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አንዱ ሞተብኝ። አንዱ ከቤት ዕቃ ጋር ቆጠረኝ።»

ከዚያ የምራታቸውን ክንድ ይዘው ካስማውን ተሻገሩ።