ከሽሮ ሜዳ ናዝሬት፣ ብረት ለማንሳት

የደርግ ዘመን ነው። እኔ የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ የጋራዥ ሠራተኛ ነበርኩ። ጓደኛዬ ከድር አንድ ወፍራም የውሃ ቧንቧ አግኝቶ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የሞላንባቸው ጣሳዎች ተክለን፣ ከአባቱ ሱቅ ጀርባ ስናነሳና ስንጥል ከረምን። ናዝሬት ላይ የጀማሪዎች ክብደት ማንሳት ውድድር መኖሩን ስንሰማ ሰውነታቸው ከስድሳ ኪሎ በማይበልጥ ተወዳዳሪዎች ክፍል ተመዘገብኩ። ከድር ሊያግዘኝ ተስማማ።

እማዬ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች ነው ያሳደገችኝ። ልምምዴን ቆማ አየችና፣ "አንስተህ የት ታደርሰዋለህ?" አለችኝ።

"የትም። መልሼ እጥለዋለሁ።"

"እንዲህ ያለ ሸክምማ ሄጄ ማየት አለብኝ" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ግን ነጠላዋን ለብሳ፣ ጨጨብሳ በሳህን ቋጥራ በር ላይ ጠበቀችኝ።

ባቡሩ ላይ

በአውቶቡስ ለገሃር ወርደን ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርን። ዓርብ ጳውሎስ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ሚዛን ላይ ብወጣ ከስድሳው ግማሽ ኪሎ ተርፎኝ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። የጨጨብሳው ቅቤ ይሸተኛል። እማዬ ተቀየመች።

"ሳይበላ የሚሸከም በቅሎ እንኳ አላየሁም!"

አቃቂ ላይ ታጣቂ ፈታሾች ገቡ። አንዱ የከድርን ቦርሳ ከፍቶ የተፈጨ ጠመኔ አገኘ።

"ምንድን ነው ይሄ ዱቄት?"

ከድር ሳይመልስ እማዬ በኩራት ቀደመችው። "ልጄ ናዝሬት ሄዶ ብረት ሊያነሳ ነው!"

ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ያን ጊዜ ብረት አነሳ የሚባለው ሸፍቶ ጫካ የገባ ሰው ነው። አጠገባችን የነበሩት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ሸሹ።

"ክብደት ነው ጓድ! ስፖርት!" አለ ከድር እየተንተባተበ። "ዱቄቱ እጅ እንዳያዳልጥ ነው።" የምዝገባ ወረቀቱን ዘረጋ።

ፈታሹ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ክንዴን በሁለት ጣቱ ጨመቅ አደረገ። "በዚህ ክንድ?" አለና ሳቁ አመለጠው። "እናት፣ ሁለተኛ ብረት እንዳይሉ። ክብደት ይበሉ።"

"ብረትስ ቢሆን ክብደት የለውም እንዴ?" አለች እማዬ። ፉርጎው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋም ተመልሰው አጠገባችን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጣፈጠን። ደብረ ዘይት አካባቢ ጤፉ ታጭዷል። ሞጆን ስናልፍ ሙቀቱ ፊታችንን ይገርፈን ጀመር። እማዬ ከመስኮቱ አልተነሳችም።

ናዝሬት

በጋሪ ወደ ውድድሩ አዳራሽ ሄድን። ሚዛኑ ላይ ልክ ስድሳ! እማዬ እዚያው ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ጨጨብሳውን አበላችኝ፤ አንድ ፓፓያም በስሙኒ ገዝታ ጨመረችልኝ።

እውነተኛ የውድድር ብረት የነካሁት የዚያን ዕለት ነው። የኛ ቧንቧ ግትር ነበር፤ የዚህኛው ጫፎች ግን ይሽከረከራሉ። መጀመሪያ ከመሬት እስከ አናት በአንድ ጊዜ የሚነሳው ነበር። ስድሳ ኪሎ አስጫንኩ። ከኋላዬ ወደቀ። ደገምኩት፤ ከፊቴ ወደቀ። ሦስተኛው ከከሸፈ ከውድድሩ እወጣለሁ። ቀና ብል የእማዬ ወንበር ባዶ ነው።

"አትፈልጋት፣ ማየት አቅቷት ወጥታለች" አለኝ ከድር። "ብረቱን ከሰውነትህ አታርቀው። በቃ።"

ጠመኔ ተቀባሁ። ጎንበስ አልኩ። እንዴት እንደተነሳ አላውቅም፤ ብቻ ከአናቴ በላይ ቆመ፣ እኔም ከሥሩ ቆምኩ። ዳኞቹ ነጭ ባንዲራ ሲያነሱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

"የማነው ጭብጨባው?" አለች ሳትዞር።

"የኔ።"

ዞረች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "ቀጥሎ ስታነሳ እኔ ከፊት ነኝ" አለች።

ሁለተኛው ዙር እስከ ትከሻ፣ ከዚያ እስከ አናት ነው። ሰማንያ ኪሎ። እማዬ ከፊት ረድፍ ቆማ፣ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ አየችኝ። ብረቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የእሷ ትከሻ አብሮ ዝቅ ሲል አየሁ። ከዚያ ሁለታችንም ቀና አልን፤ ብረቱም ከአናቴ በላይ ወጣ።

አራተኛ ወጣሁ። ሜዳሊያ የለም። ከድር ግን አንገቴን አቅፎ ሜዳሊያ ያገኘን ይመስል ጮኸ።

ሽሮ ሜዳ

ናዝሬት አድረን እሑድ ከሰዓት ገባን። ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ቢጠይቁኝ፣ ሰው ከአቅሙ በላይ የሚያነሳው አብሮት የሚያነሳ ሲኖር ነው እላለሁ። ያን ዕለት ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ጎረቤቶች የከበቡት እማዬን ነበር።

"ስንተኛ ወጣልሽ?" አሏት።

"ስንተኛነቱን እሱን ጠይቁት። እኔ ያየሁትን ላሳያችሁ።"

ነጠላዋን አስያዘችኝ። መንገዱ መሃል እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ የሌለውን ብረት ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ስንት ዓመት ጭራሮ ያጎበጠውን ወገቧን ቀና አድርጋ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ሰፈሩ እስኪያጨበጭብም አላወረደቻቸውም።